አልፈታ ያለው የነፍጡ ብሎን

ሰኞ፣ ጥር 5። ጠዋት

ብረት መጨበጫው ሞርሳ ዛሬም በረንዳዬ ላይ ነው። ከጤና ጣቢያ አዳር ገባሁ። አንዲት የሼኮ ልጅ መንታ ስታምጥ ቆሜ ነው ያደርኩት። እግሬ አብጧል። ጫማዬን የማወልቅበት ቦታ የለም። በርጩማዬ ላይ ሞረድ፣ መዶሻ፣ የናፍጣ ጣሳ። ልብስ በማጥብበት ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ደግሞ የሟቹ አማቴ ነፍጥ ቂጡን ነክሮ ተጋድሟል። ሳፋዬ! በምን ሳሙና ነው አሁን ይሄ ናፍጣ የሚለቀው?

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር። ባሌ ጌታቸው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚፈታታው ነገር ሲፈልግ ከረመ። ዕድሜውን ሙሉ የቡና እርሻ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ሲያጣ ያብዳል። አሁን አገኘ። የልጃችን የሕሊና ሠርግ ደርሷል። ድንኳን አልተያዘ። ግድግዳው አልተቀባ። ጌ. ብሎን ይፈታል።

ነፍጡ ከማጂ፣ ከአባቱ ቤት የመጣ ነው። የጥንት። ባሩዱን በአፉ የሚጎርስ። ከኋላ ቱቦውን የሚደፍን ወፍራም ብሎን አለው። እሱ ካልወጣ ውስጡ አይጸዳም፣ እሳት የሚገባበት ቀዳዳም በዝገት ተደፍኗል። ካልጸዳ ደግሞ አይተኮስም። እነሱ ቤት ሙሽራ ሲሸኝም ሲገባም ነፍጥ ይተኮሳል። ለሕሊናም ይተኮሳል ብሏል። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ልተኛ። መዶሻውን ጀመረ። ወይኔ።


ማክሰኞ፣ ጥር 6። ማታ 1 ሰ.

የብሎን መፍቻው ቁልፍ ሾልኮ የጌ.ን አውራ ጣት ላጠው። አጠብኩለት፣ አሰርኩለት። አመሰግናለሁ አለ። እጁን አጥብቄ አሰርኩት፤ ከሚገባው በላይ አጥብቄ። አውቄ ነው።

ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ናፍጣ፣ የፍሬን ዘይት፣ እንደገና ናፍጣ። ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ይላል። ሕሊና ቬሏን እህቴ ቤት አስቀመጠችው፣ እንዳይሸት።

ስለ ነፍጡ እሱ የሚያወራው ሌላ፣ እኔ የማውቀው ሌላ። ቅድመ አያቱ ጎሽ የጣሉበት ነው። ጎሽ፣ ጎሽ፣ ሁልጊዜ ጎሽ። እኔ ቤንች ነኝ፤ የኔ አያት ደግሞ እንዲህ ነበር የምትለው፦ ከሸለቆው ማዶ ነፍጥ ሲጮህ እናቷ እንሰት ውስጥ ይዛት ትገባና አፏን በእጇ ታፍናለች። ሳል እንዳያመልጣት። አንድ ቀን ከእንሰቱ ሲወጡ የእናቷ ወንድም ቤት ባዶውን ጠበቃቸው። ሰዎቹ ለባርነት ተነድተው ሄደዋል። አልተመለሱም።

ይህን ለጌታቸው ነግሬው አላውቅም። ተኳሹም፣ ተነጂውም ሞተዋል። እሱ ምን አደረገ? ምንም። እኔም ያገባሁት እሱን እንጂ ነፍጡን አይደለም። እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። በልጄ ሠርግ ይጩህ ማለት ሌላ ነው።


ሐሙስ፣ ጥር 8። ማታ 3 ሰ.

የጌታቸው ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ከማጂ መጡ። አቧራ ለብሰው፣ አንድ ቅል ማር ይዘው። እወዳቸዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ዛሬ ግን አላስችል አሉኝ። ገና ቁጭ ሳይሉ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ፣ ነፍጡ ጋ።

ከአፉ እስከ ቂጡ ዳበሱት። ያባታቸውን ድምፅ እንደገና የሚሰሙ መስሏቸዋል። ብረት እሳት ካላየ እሺ አይልም አሉ። ጎረቤታችን ታምሩ በያጅ ነው፤ ነገ ጋዙን ይዞ መጥቶ ቂጡን ያግለው ተባባሉ። ጌ. ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሺ እንደማለትም፣ እንቢ እንደማለትም።

እራት አቀረብኩ። ስለ ነፍጥ እያወሩ በሉ። ስለ ነፍጥ ጠጡ። ሕሊና የጥሪ ካርዱን ቀለም ልታሳያቸው ብትሞክር ጥሩ ነው አሏት፣ ሳያዩት።


ዓርብ፣ ጥር 9። ከሰዓት በኋላ። ሸዋ ቤንች፣ እህቴ ሩት ቤት

ጉልበቴ ላይ አድርጌሽ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ካልተነበበ ይቅር።

ጠዋት ታምሩ ሲሊንደሩን እየጎተተ ገባ። ነፍጡ ሞርሳ ላይ ተጠፍሯል። አፉ ወደ ደረጃው ዞሯል። ደረጃው ላይ ሕሊና ቁጭ ብላ አዲሱን ጫማዋን እየለካች ነው። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ባዶ ነው?» አልኩ።

ጋሼ ደምሴ ሳቁ። «አባባ ከሞቱ ወዲያ ማን ያጎርሰዋል ብለሽ ነው?»

ጌ. ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ ጣቱ ሲቆረጥ እንዳልደነግጥ ብሎ እጁን ከኪሱ ያላወጣ ሰው ነው። ገባሁና ቀጭኑን የመጋረጃ ዘንግ ከመስኮቱ መንጭቄ አወጣሁ። በነፍጡ አፍ ሰደድኩት። ቆመ። አፉ ላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግኩበት። አወጣሁትና ከውጭ በኩል ቱቦው ላይ አጋደምኩት። ብሎኑ ጋ አይደርስም። አራት ጣት ያህል ይጎድለዋል። አራቱ ጣት ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

ታምሩ አየ። ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። ሲሊንደሩን እየጎተተ ወጣ።

«አውቃለሁ» አለ ጌታቸው።

«ምን?»

«ጎርሷል። የመጀመሪያው ቀን ለክቼዋለሁ።»

የመጀመሪያው ቀን! ታዲያ ልጄ ስንት ጊዜ በአፉ ፊት አለፈች? እኔስ? የወተት ሻጯ ልጅስ?

«ናፍጣው ባሩዱን አበላሽቶታል ብዬ ነው» አለ።

«ብለህ ነው ወይስ አይተህ?»

ወንድምየው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። እሳቸው አላወቁም፤ ያ ከፊታቸው ያስታውቃል። እሳት ሊያስነዱ ነበር፣ ምስኪን። እሱ ግን እያወቀ ዝም። ጋዙ ሊከፈት ሲል ሁሉ ዝም። ልናገር ስል ቀደምሽኝ አለኝ። ቀደምኩህ? ታምሩ ክብሪት ይዞ ነበር!

ጮህኩ። በአማርኛ ጀምሬ በእናቴ ቋንቋ ጨረስኩ። እኔ ጤና ጣቢያ የተበጣጠሰ እጅ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባሩድ የላጠው ፊት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ሕሊናን እጇን ይዤ፣ አንድ እግሯ አዲስ ጫማ፣ አንዱ ነጠላ ጫማ እንዳለ፣ ባጃጅ ውስጥ ከተትኳት።


ቅዳሜ፣ ጥር 10። ረፋድ

ሩት ወንዶች እንዲህ ናቸው ትላለች። በሷም ተናደድኩ። እንዲህ ናቸው ምን ማለት ነው? እንዲህ ከሆኑ ተይ አይባሉም?

ጌ. ይደውላል። አላነሣም።

ሕሊና አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እውነቱን ነገረችኝ። ተኩሱን አልፈለገችም። እንዲያውም ትፈራለች። አባቷ ሲነግራት ግን ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይታ ስለማታውቅ እሺ አለች። እጮኛዋ ዮናስ ቴፒ ነው የሚያስተምረው፤ እሱም ሲሰማ ሳቀና ለሽማግሌ ደስታ ነው፣ ይሁን አለ። ሁሉም ለሌላው ደስታ ብሎ እሺ ይላል። ነፍጡ ይጎርሳል።

አልቅሼ ጨረስኩ። አሁን ንዴቱ ብቻ ቀረ። ንዴቱ ይሻላል። ሥራ ያሠራል።


ሰኞ፣ ጥር 12። ከቀኑ 8 ሰ.

ተመለስኩ። ተረኛ ነኝ፤ ደግሞ ቤቴ ነው፣ ለምን እኔ እወጣለሁ? ሕሊናን እዚያው ተውኳት።

ሕጉን ቆሜ ነገርኳቸው። እሳት የለም። መጀመሪያ ውሃ። አፉ ወደ ግንቡ ይዞር። ማንም በፊቱ አያልፍ። ጌ. እሺ አለ። የተሠራ ሥራ ጠበቀኝ፦ ሳፋዬ ታጥቧል። ታጥቦም ይሸታል።

ጓሮ ወሰዱት። ጌ. የእሳት መግቢያውን ቀዳዳ በሹል ሽቦ እየቆፈረ ቆፍሮ ከፈተው። ከዚያ በአፉ የፈላ ውሃ፣ እንደገና የፈላ ውሃ። በቀዳዳው ጥቁር እንባ ወጣ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ። ናፍጣው አበላሽቶታል ያለው ባሩድ ውስጡ ድርቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። ውሃው ሳይገባ በሽቦው የወጣውን ደረቅ ዱቄት በጣቱ አሽቶ አየው። አየኝ። እኔም አየሁት።

ሌላም ነገር አለ። ሌላ የደበቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ይሸሻል።


ረቡዕ፣ ጥር 14። ማታ 12 ሰ.

ማስታወሻዬ፣ ቁጭ በይ።

ታምሩ እንጨት ውስጥ የሚጠመዘዝ ሹል ብሎን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በየደላቸው። ጌ. በነፍጡ አፍ ሰዶ እያሽከረከረ አስነከሰው። ሳበ። ረጅም ሰዓት ሳበ። የወጣው የተጠቀለለ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ጭቃ የተነከረ። ከሱ ኋላ የባሩድ ጭቃ ብቻ። ገለበጡት፣ አጠቡት፣ ዘንጉን መልሰው ሰደዱት። አሁን እስከ ብሎኑ ይደርሳል።

«ጥይት የለውም» አልኩ።

«ለደስታ ሲሆን ጥይት አይገባበትም» አሉ ጋሼ ደምሴ። ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

«ለማን ደስታ?»

ጌ. «ጋሼ፣ ተወው» አለ። እንዲህ ማለቱ ነው ያጋለጠው።

«ጋሼ ደምሴ፣ ለማን ደስታ?»

እንጨት ላይ ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አባባ በሁላችንም ሠርግ ተኩሰዋል። በኔ፣ በእህቶቻችን። ለናንተም ጠዋት አጉርሰው አዘጋጅተው ነበር።»

«ባሩዱ ረጥቦ አልተኮሰም ነው የተባልኩት።»

«አልረጠበም፣ ማርታ። አንቺን አጅበው የመጡት ዘመዶችሽ በማጂው ቤት በር ሲገቡ አባባ ቆመው አዩ። ወንድሞችሽን። እናትሽን፣ ባዶ እግራቸውን። ከዚያ ነፍጡን መልሰው ሰቀሉት። ‹ለዚህ አይጮህም› አሉ። ባሩዱን በኋላ ያራገፉት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ለዚህ። ለዚች እንኳ አይደለም።

ባሩዱ ረጥቦ ነው ብሎ የነገረኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጌታቸው። ድንኳን ውስጥ፣ ጎኔ ቁጭ ብሎ፣ እጄን ይዞ። ቤንች ላይ ዝናብ አይቆምም፣ ማጂም አስከትለሽው መጣሽ ብሎ አስቆኝ። ሳቅሁ! ከት ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ምን ያስቅሻል አለችኝ፣ በቋንቋችን ተርጉሜ ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች። አማቴ ከዚያ ማዶ ቆመው ስንስቅ ያዩናል።

እኚሁ ሰው መጨረሻቸው እኔ ቤት ነው የሆነው። ያ ክፍል ውስጥ። ገላቸውን ያጠብኩት እኔ። ቁስላቸውን የቀየርኩት እኔ። ልጄ ይሉኝ ነበር። ልጄ፣ ውሃ። ልጄ፣ ገልብጪኝ። እጄን ይዘው ነው የሞቱት። ከልባቸው ነበር? ይጸጽታቸው ነበር? አንድ ቀን ሊነግሩኝ ፈልገው አፋቸው ላይ ቀርቶባቸው ይሆን? እንግዲህ ማንን ልጠይቅ። መቃብር አይጠየቅም።

የሞተ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያደክማል።


ሐሙስ፣ ጥር 15። ጠዋት 2 ሰ.

ጌ. ማድ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ቢላውን አላስቀመጥኩም።

ላንቺ የከለከሉሽን ለልጅሽ ላሰማልሽ ብዬ ነው አለ። ያው ነፍጥ፣ ያው ቤተሰብ፣ ያንቺው ልጅ። በልቤ ስቆጥረው የኖርኩት ነው አለ። ለዚያ ነው መጉረሱን የደበቅኩት፤ ጎርሷል ካልኩሽ መቼ ጎረሰ ትይኛለሽ።

እንዴት ያለ ነገር ነው። ይኸውልሽ፣ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

«ለኔ የተከለከለውን ለልጄ ሰጥተህ ከኔ ጋር የታረቅህ መሰለህ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ያን ቀን አባትህን ‹ለምን?› አልካቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያው ሥራህ እሱ ነው። ብሎን አይደለም።»

ሽንኩርቱ አቃጠለኝ። ሽንኩርቱ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 16። ከቀኑ 11 ሰ.

ወጣ። ብሎኑ ወጣ።

ቱቦው ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ በዘንጉ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ስለዚህ እሳቱን ፈቀድኩ። ታምሩ ጓሮ ቂጡን ዙሪያውን እያዞረ አጋለው፤ ቀላ፣ ቀዘቀዘ፣ የፍሬን ዘይት ጠጣ፣ እንደገና ቀላ። ጌ. ብሎኑን በትልቁ ቁልፍ ያዘው፣ የቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ አጠለቀ። ጫኑት። ሁለት ሽማግሌ፣ ጡንቻቸው እየተንቀጠቀጠ። ንቅንቅ የለም። ጋሼ ደምሴ ደረታቸውን ያዙ።

ቆሜ አያለሁ። ድንገት አላስቻለኝም። ይሄ ብሎን ሳይወጣ ይሄ ነገር ከቤቴ አይወጣም። ሄጄ የቧንቧውን ጫፍ ያዝኩ። ክብደቴን በሙሉ፣ ንዴቴን በሙሉ ጣልኩበት። ያን ጠዋት፣ ያን ሳቄን፣ የናቴን ባዶ እግር። ሦስታችን አንድ ብረት ላይ።

ቋ! አለ። ቧንቧው የተሰበረ መሰለኝ። ዞሮ ነው። ትንሽ። እንደገና ጫንን፣ እየጮኸ ዞረ። ከዚያ በኋላ ጌ. ብቻውን በቀስታ አወጣው። ጥርሱ ደህና ነው፣ አንዱም አልተበላም።

ጋሼ ደምሴ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ቱቦውን ሳሙት። በአንዱ በኩል ዓይናቸውን አድርገው ሰማዩን አዩበት። እኔ ብሎኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። አንሥቼ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከበደኝ።

«ይሄ እኔ ጋ ይቆያል» አልኩ።

«ምን ማለትሽ ነው? ያባቴ ንብረት ነው እኮ!» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ብረቱን ይውሰዱ ጋሼ። ማጂ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ያለዚህ አይጮህም። በልጄ ሠርግም አይጮህም።»

ተቆጡ። ታላቅ ነኝ አሉ። ነገም ጠዋት ልሄድ እችላለሁ አሉ። ጌ. በመሃል ገባ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ድምፁ፦ «ጋሼ፣ እሷ ያለችው ይሁን።» ይህን ለመስማት ነፍጥ መፍታት ነበረብን?

ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ያን ቀን እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ እኔም ዝም አልኩ አሉ። ነፍጡን በጋቢያቸው ጠቀለሉ።

ለጌታቸው የምፈልገውን ነገርኩት። ነገ የኔ ወንድሞች ድንኳን ሊተክሉ ይመጣሉ። ያን ቀን በዚያ በር የገቡት ሰዎች ናቸው። አብረን ምሳ እንበላለን። ያኔ፣ ከሠርጉ በፊት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ቆመህ ንገራቸው። አባቴ እንዲህ አደረገ፣ እኔም ዋሸሁ በል። በአፍህ።

የሞተ አባቴን ላሳጣ? አለ።

እናቴም ሞታለች አልኩት። ባሩዱ ረጥቦ ነው ብላ እያመነች ነው የሞተችው።

ሕሊናን ጠየቅናት፣ ሠርጉ የሷ ነውና። በስልክ። አባዬ ንገራቸው አለች። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ይሄን ንገርልኝ አለችው። ስልኩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዘጋችው በኋላ ሁሉ።


ቅዳሜ፣ ጥር 17። ረፋድ 4 ሰ.

ንዴቴ አልበረደም። እንዲበርድም አልቸኩልም። ይቅር አልኩ ብዬ እዚህ ላይ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቃኝ።

ሕሊና ገብታለች። ሩትም። በረንዳው ተጠርጓል። ጋሼ ደምሴ አልሄዱም፤ ኮታቸውን ለብሰው ከድንኳኑ እንጨት ጋር ቁጭ ብለዋል። ጌ. ጢሙን ተላጭቷል። ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል። ከቡና ዛፎቹ ሥር እየተመላለሰ ለብቻው ያወራል። አንድ ጊዜ ወንድሞቼ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ያቆማል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የወንድሜ የሙሴ አይሱዙ ታጠፈ። ይሰማኛል። የድንኳን ሸራ ጭኗል፣ ልጆቹ ከላይ ይዘፍናሉ።

ቆርጫለሁ። እሱ ካልተናገረ ምሳው ከመቅረቡ በፊት እኔ እናገራለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅቼዋለሁ። ያንን ካደረግኩ በኋላ እሱና እኔ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ሠርጉ ይሠረጋል። ልጄ ትዳራለች። ግን በውሸት ላይ አንድ እንጀራ አልቆርስም።

መኪናው ቆመ። ጌ. ኮቱን አስተካከለ። ሊቀበላቸው እየሄደ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ወደኋላ አላየኝም። ሙሴ ከጋቢናው ወርዶ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ጌ. አላቀፈውም። ቆመ። አፉን ከፈተ። ከዚህ አይሰማኝም። ልውጣና ልስማ።